ኮርኒሱ ከመሠራቱ በፊት ሜትር ያዙ

ዛሬ የምንነጋገረው በየቀኑ ከራሳችን በላይ ስላለው፣ እስኪረግብ ድረስ ግን ልብ ስለማንለው ስለ ቤታችን ኮርኒስ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ የብዙ ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ ከዚያም ችፑድ መጣ። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የእቁብ ብር ሲደርሰን የምናስበው ጂፕሰም ቦርድን ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ አደረግሁ። ሠራተኛው ቀጭኑን ቦርድ ሲያመጣ «ይኼ አይሳሳም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እትዬ፣ እርስዎ አይጨነቁ፤ ይኼን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። እኔም ተውኩለት። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ ከልጆቼ አልጋ በላይ ያለው ኮርኒስ ጎብጦ ወደ ታች ወርዶ አገኘሁት። ልጆቹ ሳሎን ተኙ፤ ኮርኒሱም ፈርሶ እንደገና ተሠራ። አንድ ዓመት ሙሉ የቆጠብኩት ገንዘብ በዚያው ሄደ።

ሲፈርስ ሜትር ይዤ ለካሁ። ቦርዱ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተመታበት ሞራሌ ግን በየ60 ሴንቲ ሜትሩ የተደረደረ ነበር። ጂፕሰም ቦርድ በሁለት ወረቀት መካከል የተያዘ ጂፕሰም በመሆኑ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ግድግዳ ላይ ቢሆን ቆሞ ይቀራል፤ ኮርኒስ ላይ ግን የራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል። ስለሆነም ውፍረቱ መመረጥ ያለበት በዋጋው ሳይሆን በሞራሌው ርቀት ነው።

ሞራሌው ወይም ብረቱ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ከሆነ 12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ ይበቃል። ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 15 ሚሊ ሜትር ይሻላል፤ አለበለዚያ ተጨማሪ ሞራሌ በመሐል ይግባ። ወፍራም ሁሉ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። 1.20 በ2.40 ሜትር የሆነው ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 15ቱ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ሞራሌው ይህን መሸከም አለበት። የቦርዱ ርዝመት ሞራሌውን አቋርጦ ይሰቀል እንጂ አብሮት አይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን የሚያፈስ ቆርቆሮ ካለ ይጠገን።

አሁን ወደ ማለስለሱ እንምጣ። የብሎኑ ራስ ወረቀቱን ሳይቀድ ጥቂት ገባ ማለት አለበት። በየመገጣጠሚያው ስቱኮ ተቀብቶ፣ ለዚሁ የሚሸጠው የወረቀት ጥቅልል ይለጠፍበታል፤ ይህ ካልተደረገ ስንጥቁ በኋላ በቀለሙ ላይ ይወጣል። ስቱኮው ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሳሳና ሰፋ ተደርጎ ይቀባ። በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን፣ በክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ይድረቅ። «ዛሬውኑ እንጨርሰው» የሚላችሁን አትስሙ። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ አቧራው ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሕፃናትም ከቤት ይውጡ።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ የእጅ ባትሪ ከኮርኒሱ ጥግ አስጠግታችሁ በአግድም አብሩ። ቀን የማይታየው ጉብታና ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ይጥላል። በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ጠዋት ይስተካከል። ከዚያ መነሻው ቀለም፣ ቀጥሎም የማያብረቀርቅ ነጭ ይቀባ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም ጉድለትን ያጎላልና።

እህቶቼ፣ ሠራተኛውን መጠየቅ ሙያውን መናቅ አይደለም። ጎበዝ ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ሜትሩንም ራሱ ይዞ ያሳያችኋል። ከዚያ ኮርኒስ ሥር የሚተኙት የእናንተ ልጆች ናቸውና የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ለክታችሁ እዩ።