የስሜን ባለ እጅ፣ የዩኒቨርሲቲው አጥርና የአየርላንዶች ኩፖን



በአገራችን ስለ «ቴክኖሎጂ ሽግግር» ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ለመሆኑ ግን ምን ዓይነት ቴክኖሎጂ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ማን ነው? ዳባት ላይ ማረሻ የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ነውን? ደባርቅ ላይ ወፍጮ የተከለው ነጋዴ? ወይስ ከሁለቱም ርቆ ዕቅድ የሚነድፈው ባለ ሥልጣን? እንደ እኔ እምነት የአነስተኛ ሥራ ባለቤቶች ችግር ከገንዘብ እጥረት አስቀድሞ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። በ1847 ዓ.ም. እዚያው ስሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የቴክኖሎጂ ጥማታቸውን ለማርካት የሞከሩት በጋፋት የሰበሰቧቸውን የውጭ አገር ሰዎች መድፍ እንዲሠሩላቸው በማዘዝ ነበር። የአገሬው ባለ እጅ ግን በዚያም ዘመን ከዚያም በኋላ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ዛሬ ቀንሶ ይሆናል፤ ባለ እጁን ሳይጠይቁ ስለ ባለ እጁ መወሰን ግን አልቀረም።

ወረቀት እንኳ አልጎደለብንም። የመጀመሪያው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ተሻሻለ። የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ፣ አገሪቱ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ጠቃሚ የውጭ ቴክኖሎጂዎችን ፈጥኖ የመማር፣ የማላመድና የመጠቀም ብቃት እንድትገነባ ራእይ ሰነቀ። 2015 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል የአማራ ክልል ያገኘው ምን ነበር? በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘጋ። በእጅ ስልኩ ደንበኛ የሚፈልግ የደባርቅ አስጎብኚ፣ ጦርነቱ ካደረሰበት ጉዳት በላይ ከዓለም ገበያ ተቆረጠ። የራእዩ ዓመት የተጠናቀቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

እስቲ ወደ አየርላንድ ሻገር እንበል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ቀላል ዘዴ ተጀመረ፤ 5 ሺህ ዩሮ ዋጋ ያለው የፈጠራ ኩፖን። አንድ አነስተኛ ድርጅት ችግሩን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ተቀባይነት ካገኘ ኩፖኑ ይሰጠዋል፤ እርሱም ኩፖኑን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ምርምር ተቋም ይሄዳል። ተመራማሪው ገንዘቡን የሚያገኘው ለነጋዴው ጥያቄ መልስ ሲሠራ ነው። የዘዴው ብልሃት በገንዘቡ መጠን ላይ አይደለም፤ ጠያቂውን ነጋዴ፣ መላሹን ምሁር ማድረጉ ላይ ነው።

ደባርቅ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ይሁን እንጂ «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንዲሉ፣ አጥሩ ለባለ እጁ ከፍ ያለ ነው። እኛ መምህራንም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የማዕረግ ዕድገታችን በዋናነት የሚመዘነው በመጽሔት በታተመ ጽሑፍ ነው፤ ቶሎ የሚዶለዱም ማረሻ እንዳይዶለዱም ያደረገ መምህር ከሥራው የሚያተርፈው ምርቃት ብቻ ነው። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ እኛ የመረጥነውን ለሕዝቡ ማደል ነው።

ጥያቄው ከታች ቢመጣ ምን ይመስል ነበር? ምናልባት የሚጠየቀው እጅግ ቀላል ነገር ይሆናል። የዘር ድንች ጨለማ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ቡቃያው ይቀጥናል፤ ይረዝማል፤ ይሰበራልም። የተበታተነ ብርሃን በሚያስገባ ቀላል የእንጨት መጋዘን ሲቀመጥ ግን አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። የምርምር ማዕከላት ይህን ካወቁት ቆይተዋል። ለስሜን ግርጌ ድንች ሻጭ የሚጠቅመው ይህን በአካባቢው እንጨትና በአቅሙ ልክ የሚሠራለት ሰው ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኸው ነው።

ሕጉም ቢሆን ለትንሹ ሰው በር ከፍቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአነስተኛ ፈጠራ ለአምስት ዓመት የሚጸና፣ ለተጨማሪ አምስት ዓመት የሚታደስ የጥበቃ ሰርተፊኬት ይፈቅዳል። ከደባርቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ ይህ መብት ለአንድ በያጅ የሚነግረው ማን ነው? ማመልከቻውን የሚጽፍለትስ? የሕግ መምህር በሁለት ቀን ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ፣ ኩፖን ቢኖር የሚጠይቀው አይጠፋም ነበር።

«ኩፖኑም እንደ ብድሩ በዝምድናና በድጋፍ ደብዳቤ ይታደላል» የሚል ሙግት እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። በእኛ አገር ድጋፍ ቅድሚያ የሚያገኘው የተደራጀው ነው፤ መደራጀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀበሌ ጋር መስማማት ማለት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ መመዘኛው የቀረበው ችግር እንጂ የጠያቂው አባልነት መሆን የለበትም፤ ማን ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለትም በአደባባይ ይለጠፍ። ሌላው ሙግት «በጦርነት ውስጥ ምን ኩፖን አለ?» የሚለው ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በጭና የሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አያቃልለውም። ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥም ወፍጮው ይፈጫል፤ ማረሻው ይሳላል። ሰላሙ እስኪመጣ አካባቢውን የያዙት እነዚሁ እጆች ናቸው።

ለመጀመር አዲስ ስትራቴጂ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለማኅበረሰብ አገልግሎት ከሚመድቡት በጀት ጥቂቱን ለይተው በኩፖን መልክ ለባለ እጁ ቢሰጡትና፣ ለጥያቄው የተሰጠው መልስ እንደ አንድ የታተመ ጽሑፍ ለመምህሩ ዕድገት ቢቆጠር፣ አጥሩ ሳይፈርስ በሩ ይከፈታል። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ደባርቅ ላይ የቆመ ሳይሆን የደባርቅ ይሆናል።

ቸር ይግጠመን።