ውድድር የፈታውና ያልፈታው

ሲም ካርድ ለማውጣት ተመዝግቦ ወራት የጠበቀ ሰው የሞኖፖሊን ጉዳት ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ቴሌ ብቻውን በነበረበት ዘመን ኔትወርክ ቢጠፋም፣ ታሪፉ ቢወደድም መሄጃ አልነበረም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ያገኘው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ የቴሌ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብርም ሥራ የጀመረው በዚያው ወር ነው። ተፎካካሪ ደጃፍ ላይ መቆሙ የመንግሥቱን ድርጅት እንዳነቃው አልጠራጠርም። ሁለት ሲም ይዞ ጥቅሉ የረከሰበትን እየመረጠ የሚደውለውን ተማሪ ማንም «ተታለልክ» ሊለው አይገባም።

የተቃራኒው ወገን ክርክርም ቀላል አይደለም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ኒዮሊበራሊዝምን ሲቃወሙ፣ ደሀ አገር ውስጥ ገበያው ብቻውን ከተለቀቀ ባለሀብቱ ፋብሪካ ከመትከል ይልቅ ኪራይ መሰብሰብን ይመርጣል ይሉ ነበር። የባንኩን ዘርፍ ለውጭ አንከፍትም ብለው ከአይኤምኤፍ ጋር ሲከራከሩም፣ ያኔ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበረው ጆሴፍ ስቲግሊዝ ከጎናቸው ቆሟል። ነገር ግን ኪራይ ሰብሳቢነትን ያጠፋል የተባለው የመንግሥት ቁጥጥር የራሱን ኪራይ ሰብሳቢ አፈራ። ዕቃ ለማስገባት የባንክ ክፍያ ዋስትና (ኤልሲ) ለመክፈት ወረፋ የያዘ አስመጪ ሰው ያለው ሲቀድመው እያየ ኖሯል።

ያ ወረፋ ይቀራል ተብሎ ነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን የተወሰነው። አይኤምኤፍ በዚያው ዕለት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ለእናቷ ገንዘብ የምትልክ ልጅ ያን ሰሞን በባንክ መላክ አዋጣት። የለውጡ ደጋፊዎች «ዕቃው ድሮም የሚሸጠው በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር» ይላሉ። ለብዙው ሸቀጥ እውነታቸውን ነው። ነዳጁ ግን በባንክ ምንዛሪ ነበር የሚገባው፤ ከመድኃኒቱም ብዙው እንዲሁ። በወር ደመወዝ የሚኖርና ኢንሱሊን የሚገዛ ሰው ሸክሙ በእውነት ጨምሮበታል። ለመንግሥት ሠራተኛው የተደረገው የደመወዝ ጭማሪ፣ በቀን ሥራ ለሚያድረው አልደረሰውም።

ፖለቲካው ላይ ስንመጣ የገበያ ወዳጆች ተስፋ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ሲዘጋ ቴሌ አንድ ብቻ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ኩባንያዎቹ ሁለት ነበሩ። ውድድር ታሪፍ ያወርዳል እንጂ መንግሥት «ዝጋ» ሲል እምቢ አይልም፤ ለዚያ ነፃ ፍርድ ቤትና የሚጠይቅ ምክር ቤት ያስፈልጋል። የብሩንም ውሳኔ ሰኞ ዕለት ተነገረን እንጂ አልተመከረንም። የመለስ የልማታዊ መንግሥት ዘመንም በዚህ አይሻልም፤ መንገዱ ሲመረጥ ያኔም ዜጋው አልተጠየቀም። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዷል። መለስ የፈሩት፣ የገበሬው ቁጠባ ተሰብስቦ ለከተማ ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ እንዳይበደር፣ ዛሬም በቂ ምክንያት ያለው ሥጋት ነው። ባንኮቹ ለገበሬና ለአነስተኛ ነጋዴ የሚያበድሩት ድርሻ በሕግ ይወሰን ወይስ ለገበያው ይተው የሚለው በምክር ቤት፣ ሕዝብ እየሰማ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ክርክር ይደረግበት።