«ቲዎሪ አይበላም» ለምትሉ

ካምፓስ እያለሁ ሒሳብ የሚያጠና የዶርም ጓደኛ ነበረን። «ተመርቀህ ምን ልትሠራ ነው?» እያልን እንስቅበት ነበር። ዛሬ በዚያ ሳቅ አፍራለሁ። ያሳፈረኝ በኪሳችን ያለው ስልክ ነው።

እስኪ መስመሩ እየተቆራረጠ ለሰው የባንክ አካውንት ቁጥር ስትነግሩ አስቡ። ሦስት ጊዜ ትደግሙታላችሁ። ብልህ ሰው ግን አንዴ ይናገርና «ሲደመር 41 ይመጣል» ይላል። ሰሚው ደምሮ ካልገጠመለት ስህተት እንዳለ ያውቃል። ስልካችሁም የሚጠቀመው የዚሁ ዘዴ የረቀቀ ዝርያ ነው። ሞገዱ ከሕንፃ ሕንፃ ተላትሞ፣ መሐንዲሶች ኖይዝ ከሚሉት ጫጫታ ጋር ተደባልቆ ሲደርሰው፣ የተበላሸውን ፈልጎ ያርማል።

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ ነገር በሒሳብ አረጋገጠ፦ ጫጫታ ባለበት መስመርም ቢሆን፣ እስከ አንድ የፍጥነት ጣሪያ ድረስ ስህተትን የፈለጉትን ያህል ማሳነስ ይቻላል። እንዴት እንደሚደረስበት ግን አላሳየም። በ1960 ሮበርት ጋላገር በኤምአይቲ የዶክትሬት ጥናቱ ኤልዲፒሲ የተባለውን ኮድ አመጣ። የዘመኑ ኮምፒውተር አልቻለውም፤ 30 ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ ተኛ። የጋላገር ተማሪ የነበረው ኤርዳል አሪካን ደግሞ በ1987 ወደ አገሩ ቱርክ ተመልሶ አንካራ ቢልከንት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ፖላር ኮድን ያሳተመው በ2009 ነው።

ዛሬ በ5ጂ ዳታውን ከስህተት የሚጠብቀው የመምህሩ ኮድ ነው፤ የመቆጣጠሪያ መልእክቱን የሚጠብቀው የተማሪው። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5ጂ ሲጀመር ስለ ፍጥነቱ ያልተናገረ አልነበረም። ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች የጻፈ ግን አላየሁም። እኔም አልጻፍኩም።

«እነሱ ሀብታም ናቸው፤ እኛ መጀመሪያ እንጀራ» ትሉኛላችሁ። ፖላር ኮድ የተወለደው ከቺፕ ፋብሪካ አይደለም፤ ከወረቀትና ከትዕግሥት ነው። እኛን ያጠረን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አንድን ሰው ከአንድ ጥያቄ ጋር 20 ዓመት ትቶ መጠበቅም ጭምር ነው። እርግጥ ብዙ ቲዎሪ መደርደሪያ ላይ እንደተኛ ይቀራል። የትኛው እንደሚነሳ ግን ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁሉንም «ምን ይበላበታል?» ብሎ መግደል ኪሳራ ነው።

ልጃችሁ ሒሳብ ላጥና ሲላችሁ ተዉት ያጥና። «ምን ይበላበታል?» ሳትሉ ማደር ካቃታችሁም ቢያንስ ደውላችሁ አትጠይቁት። ጥያቄያችሁን ሳይበላሽ የሚያደርስላችሁ ያው «የማይበላው» ሒሳብ ነው።