«ጭሱን ደብቀን እንሽጠው» አለኝ የእጮኛዬ ወንድም!

ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የፍቅርና የትዳር ናቸው። የዛሬው ግን ፍቅሩም፣ ትዳሩም፣ ሞተሩም አንድ ላይ የተጠላለፉበት ነው። ደብዳቤውን አሳጥረን እነሆ፦

«ዕድሜዬ 28 ነው። የምኖረው አሶሳ ነው። ከአባቴ የወረስኩት ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ አለኝ። በማንጎ ወቅት ማንጎ፣ በሌላው ጊዜ ያገኘሁትን ጭኜ ወደ ባምባሲና ወደ መንጌ፣ አንዳንዴም እስከ ነቀምት እሠራለሁ። እንጀራዬ እሱ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዘይት መጠጣት ጀመረ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። የማሳየው ለእጮኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። መካኒክ ነው፤ አምስት ሳንቲም ተቀብሎኝ አያውቅም። እሱ ‹ከቴስታው ክዳን ወደ ቱርቦ የሚሄደውን መተንፈሻ ቱቦ ቆርጠን ወደ መሬት እንልቀቀው፤ ጭሱ ይጠፋል። ከዚያ ሸጠህ ሠርግህን ደግስ፤ ማን ያውቃል?› አለኝ። ሾፌር ጓደኛዬ ደግሞ ‹ምን አስቆረጠህ፣ ድፈነው!› ይላል። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ‹ዘይት ማጠራቀሚያ ዕቃ አስገጥምለት› ብሎ ደወለልኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነው። እምቢ ብል ወንድምየው ይቀየመኛል፤ እሺ ብል ደግሞ ህሊናዬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከአሶሳ»

ወንድማችን «ግራ የገባኝ»፣ እንቅልፍ ማጣትህ ጥሩ ምልክት ነው። ህሊናህ ገና አልተሸጠም ማለት ነው! እስቲ መጀመሪያ ከሞተሩ እንጀምርና ወደ ሰዎቹ እንመለስ።

ያ ቱቦ ለምን ተሠራ? የፒስተኑ ፋሻዎች የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆኑ፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በጎናቸው ሾልኮ ኮሎው ወደሚዞርበት የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። እዚያ ታምቆ እንዳይቀር መተንፈሻ ተበጀለት። ቱርቦ ባለው ሞተር ላይ አየሩ ተጠቅጥቆ ስለሚገባ የሲሊንደሩ ግፊት ያይላል፤ የሚሾልከውም ይበዛል። በዚያ ላይ ቱርቦው የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ነው። ይህ ዘይት ወደ ኮፓ የሚመለሰው ደግሞ በፓምፕ ተገፍቶ ሳይሆን በራሱ ክብደት ቁልቁል ፈስሶ ነው። የሞተሩ ሆድ ከተነፋ ዘይቱ መውረድ ያቅተውና በቱርቦው ጎን እየሾለከ ይቃጠላል። ስንቱ ሰው ነው «ቱርቦህ ሞቷል» ተብሎ ቱርቦ ለውጦ፣ ጭሱ ግን ያው የሆነበት!

እንግዲህ ሦስቱን ምክሮች በየተራ እንያቸው።

«ድፈነው» ያለህን ጓደኛህን ሻይ ጋብዘህ ሸኘው እንጂ ምክሩን እንዳትሰማው። የታፈነ ትንፋሽ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። የኮሎውን የዘይት መከላከያ ጎማ፣ የቴስታውን ክዳን ጓርኒሲዮን፣ አንዳንዴም የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳይቀር ገፍቶ ይወጣል። ይህ ማሻሻል ሳይሆን ሞተር መግደል ነው።

«ቆርጠን ወደ መሬት» የሚለው አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ መኪኖች ሁሉ ትንፋሻቸውን የሚለቁት ወደ መንገድ ነበር። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የከተማው አየር ሲመረዝባት ነው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዳዲስ መኪኖች ትንፋሻቸውን መልሰው እንዲያቃጥሉ ያስገደደችው። ወንድምየው በአንድ ነገር እውነቱን ነው፦ ቱቦው ሲቆረጥ ወደ ቱርቦው የሚገባው ዘይት ይቀንሳል፤ ጭሱም ሊቀል ይችላል። ግን ሦስት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ከአየር ማጣሪያው ወዲህ የሚቀረው ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ቱርቦው የአሶሳን ቀይ አቧራ ሳይጣራ ይስበዋል። አቧራ ደግሞ ፋሻና ሲሊንደር የሚፈጭ አሸዋ ነው። ሁለተኛ፣ ክረምት ላይ ወንዝ ስታቋርጥ የቱቦው ጫፍ ውኃ ውስጥ ከገባና ሞተሩ እዚያው ከጠፋ፣ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ውኃ ወደ ሆዱ ሊስብ ይችላል። ሦስተኛ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ አለበት፤ ወደ ጋቢና ከገባ ራስ ያዞራል። አንተ ብቻ ሳትሆን አጠገብህ የተቀመጠችውም ትተነፍሰዋለች።

የአጎትህ ልጅ ያለው ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ በአግባቡ ከተሠራ ግን! ባዶ ቆርቆሮ አይበቃም። ውስጡ ዘይቱን ከጋዙ የሚለይ ወንፊት ወይም ክፍልፋይ ያስፈልገዋል። ቱቦው ከፋብሪካው ቱቦ መጥበብ የለበትም፤ ዘይትና ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። የውኃ ጎማ ይቀልጣል። ዕቃው ከቱርቦውና ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ ይታሰር፤ የጠራው ጋዝ ከማጣሪያው በኋላ፣ ከቱርቦው በፊት ወዳለው ቦታ ይመለስ። በየሳምንቱ ክፈተውና ምን ያህል እንደተጠራቀመ ጻፍ። የተጠራቀመውን መልሰህ ሞተር ውስጥ እንዳትጨምር፤ ውኃና ናፍጣ የተቀላቀለበት ነው። ቶሎ ቶሎ ከሞላ ሞተርህ «ፋሻዬ አልቋል» እያለህ ነው።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ መተንፈሻው በሽታው ሳይሆን የበሽታው ነጋሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድም ነገር ሳትቆርጥ መጀመሪያ መርምር።

የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ እይ። በበጋ በዚያ አቧራ ከታፈነ ቱርቦው አየር ሲያጣ በመተንፈሻው በኩል አጥብቆ ይስባል፤ ዘይቱን ጭምር! አንዳንዴ መድኃኒቱ ይኸው ብቻ ነው። ዘይቱንም ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ለካ፤ «ይጠጣል» ብለህ ከመስመር በላይ ሞልተኸው ከሆነ ራስህ ነህ ያስተፋኸው። የመተንፈሻው ቱቦና ከቱርቦው ወደ ኮፓ የሚወርደው መስመር አለመዘጋቱን፣ አለመታጠፉን አረጋግጥ። ከዚያ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ገልብጠህ እዚያው አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው፤ ከነጭሱ ካፈናጠረው ግን ተጠርጠር። ይሄ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። የተሻለው ውኃ የያዘ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ እንደ ጽዋ አጥፎ አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ገጥሞ ግፊቱን መለካት ነው። ውኃው ግራና ቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ከተበላለጠ ግፊቱ 1 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ይህን ከመኪናው መጽሐፍ ጋር ታስተያያለህ። በመጨረሻ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን አስለካ።

ለሕይወትህ የሚያሰጋውን ደግሞ ስማ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በብዛት ከሳበ ዘይቱን እንደ ነዳጅ አቃጥሎ በራሱ ጊዜ ሊፈረጥጥ ይችላል። ቁልፉን ብታወጣውም አይጠፋም፤ እስኪሰባበር ይጮኻል። ማርሹ የእጅ ከሆነ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባ፤ ፍሬኑን በኃይል ይዘህ ፍሪሲዮኑን ልቀቅና አንቀህ አጥፋው። በእጅህ ወይም በጨርቅ አየሩን ለመዝጋት እንዳትሞክር፤ ስቦ ይወስደዋል። አልሆን ካለ ሰው አርቅ፣ አንተም ራቅ። ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንዲ፣ በነጆና በጊምቢ ዳገት ጭነት ይዘህ ስትወጣ ቱርቦው ዋናውን ሥራ የሚሠራው ያኔ ነውና በዚህ በሽታ ረጅም መንገድ እንዳትወጣ!

አሁን ወደ ሰዎቹ። መኪናውን መሸጥ መብትህ ነው። ጭሱን ደብቆ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚገዛህም እንዳንተ እንጀራ ፈልጎ፣ ምናልባት ተበድሮ የሚመጣ ወጣት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ያገለገለ ሞተር በጥንቃቄ ነው የሚያየው። አሶሳም ትንሽ ከተማ ናት፤ ወሬው ከአንተ ቀድሞ ሠርግህ ላይ ይደርሳል። የአባትህ ስምም አብሮ ይነሳል። ያለበትን ተናግረህ በቀነሰ ዋጋ ሽጠው፤ ወይም አሳድሰው። ድግሱ አንሶ ትዳሩ ቢሞቅ ይሻላል።

ወንድምየውንስ? «ተሳስተሃል» ብለህ አትግጠመው። «ጋሼ፣ ከመቁረጣችን በፊት አብረን እንለካው፤ ዛሬ ግን የድካምህን ሳልከፍል አልሄድም» በለው። በነፃ ስላሠራህ ነው እኮ አፍህ የታሰረው! ገንዘቡን የተቀበለ ባለሙያ ጥያቄ አይከፋውም። ካኮረፈም ለጊዜው ነው፤ ዛሬ ገዢን ላለማታለል እምቢ ያለ ሰው ነገ እህቱን እንደማያታልል ሲያስበው ራሱ ይገባዋል። ለእጮኛህም ነገሩን ዛሬውኑ ንገራት፤ ከወንድሟ አፍ ተጣሞ ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይበጃል።

የምርመራውን ውጤት ጻፍልን። የሽማግሌውንም! እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ፣ ቸር ያሰማን!