ፊደሉ ገባ፤ ካላንደሩስ?

ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሒሳቡን በኮምፒውተር የማይዝ አስመጪና ጅምላ ሻጭ ቁጥሩ እያነሰ ሄዷል። ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር ግን ብቻውን ሥራ አይጨርስም። የአማርኛ መጻፊያው፣ የቀን መቀየሪያው፣ የደመወዝ ግብር ማስያው እየተፈለገ ለየብቻ ይጫናል። እነዚህን ተቀጥላዎች የሚሠሯቸው በአብዛኛው ዋናውን ሶፍትዌር የሸጡት ኩባንያዎች አይደሉም። ችግሩ የነካቸው ተጠቃሚዎችና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ናቸው። ያለ ተቀጥላው ዋናው ሶፍትዌር ለነጋዴው የማይረባ ከሆነ፣ ተቀጥላው ለምን ከመጀመሪያው አብሮ አይገባም የሚለው ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ነው።

መልሱን ከፊደላችን ታሪክ ማግኘት ይቻላል። ዊንዶውስ የኢትዮጵያን ፊደል በማያውቅበት ዘመን ክፍተቱን የሞሉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ በኢትዮጵያውያን የተሠሩ ፕሮግራሞች ነበሩ። ባለውለታነታቸው አያከራክርም። ይሁንና እያንዳንዱ ፊደሉን በራሱ የኮድ ቁጥር ስላስቀመጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ውል ሌላው ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ደብዳቤ የሚለዋወጡ ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት ፕሮግራም ካልገዙ በወረቀት ከመላላክ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው የጋራ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ ውል ሳሪስ ቢጻፍ ዱባይ ይነበባል። ሆኖም ብዙ ጸሐፊዎች የለመዱትን የፓወር ግዕዝ የቁልፍ አቀማመጥ አልተዉም፤ ፓወር ግዕዝም በዩኒኮድ የሚሠራ እትም አውጥቶ በገበያው ቆይቷል። እንግዲህ ፊደሉ በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ መግባቱ የተቀጥላ ሠሪውን ገበያ አልዘጋውም። ፉክክሩን ከፊደሉ ባለቤትነት ወደ አጠቃቀም ምቾት አዛወረው እንጂ።

ያልተፈታው የካላንደሩ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ግብር የሚታወጀው በኢትዮጵያ ወራት ነው። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ሠራተኛ የተማረበት ፒችትሪ፣ አሁን ሴጅ 50 የሚባለው፣ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑ በእጅ ወይም ሰው በሠራው የኤክሴል ቀመር ይቀየራል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2023 የዋለው እንዲሁ ነበር። ይህን የዘነጋ ቀመር እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ያሳስታል። ብዙ ድርጅት ዓመታዊ ግብሩን አሳውቆ የሚጨርስበት ጥቅምት 30 የሚውለው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ያሳለፈ ደግሞ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ነገሩ ከባድ ነው እንዳይባል፣ ሌሎች ሠርተው አሳይተዋል። የአፕል መሣሪያዎች ለፕሮግራም ሠሪዎች የዓመተ ምሕረትን ካላንደር ያቀርባሉ። በማይክሮሶፍት ዶት ኔት ውስጥ ግን የዕብራውያን፣ የሂጅራ፣ የፋርስና የታይ ካላንደሮች ሲገኙ የኢትዮጵያው የለም። በሒሳብ ሶፍትዌርም በኩል የቤልጂየሙ ኦዱ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ የሒሳብ መደቦች ዝርዝርን ከዋናው ጥቅል ጋር ያቀርባል። ነጋዴው እሱን ፍለጋ ሌላ ሻጭ ዘንድ አይሄድም።

ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸው ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው፣ ሁሉም ነገር ከተካተተ ሶፍትዌሩ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተቀጥላውን የሠራው ወጣት እንጀራውን ያጣል የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ መልሳቸው ግን አለማካተት ሳይሆን ለይቶ ማካተት ነው። ፊደል፣ ካላንደርና የግብር ሕግ ለሁሉም ነጋዴ አንድ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ መሳሳት ለማንም አይጠቅምምና በዋናው ውስጥ ይግቡ። የቁልፍ አቀማመጥ፣ የፊደል ቅርጽ፣ የሪፖርት ዓይነት እንደ ሰዉ ምርጫ ይለያያሉና ለተቀጥላ ሠሪው ይቅሩ። ኩባንያው የሌላውን ሥራ ወስዶ ሲያካትት ደግሞ የሠሪውን ስም ሊጠቅስና ሊከፍለው ይገባል። ሕጉ በተለወጠ ቁጥር ሶፍትዌሩን የሚያስተካክለው ሰው እሱ ነው፤ እሱ ተከፍቶ ከሄደ የተካተተው ነገር በዓመቱ ያረጃል።

ይህ ሁሉ በምኞት አይመጣም። የውጭ ኩባንያ ኢትዮጵያን የሚያስባት ገዥዋ ሲጠይቅ ነው። ነጋዴው ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ከዋጋው ጎን ሦስት ጥያቄ ያስፍር፤ ካላንደሩ አለ ወይ? አማርኛው በዩኒኮድ ነው ወይ? ሕግ ሲለወጥ ማን፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር ያስተካክለዋል? መልሱ በቃል ሳይሆን በውሉ ውስጥ ይግባ። መልስ የሌለው ሻጭ ያቀረበው ዋጋ ርካሽ ቢመስልም የቀረውን ሒሳብ ነጋዴው በኋላ መክፈሉ አይቀርም።