አለንጋ ያስተምራልን?

በአገራችን ልጅ ሲያጠፋ የሚታዘዝለት መድኃኒት ብዙ ነው፤ ቁንጥጫ፥ ኵርኵም፥ አለንጋ፥ ማንበርከክ፥ ሲብስም በበርበሬ ማጠን። ወላጅ ይህን አስተዳደግ ይለዋል፤ መምህር ሥርዓት ማስያዝ ይለዋል። እኔ ግን ይህ ሁሉ የአዋቂውን ቍጣ ያበርዳል እንጂ የልጁን ጠባይ አያርምም እላለሁ።

ይህንንም ለእናንተ ለወጣቶች እጽፋለሁ፤ ከአለንጋው ሥር የወጣችሁት በቅርብ ነው፤ ነገ ደግሞ ወላጅና መምህር ስትሆኑ እጀታው በእጃችሁ ይገባል።

የአለንጋ ጠበቆች «እኛስ ተገርፈን አይደለም ወይ ሰው የሆንነው?» ይላሉ። ይህ ምስክርነት ጐደሎ ነው፤ ዱላ ፈርቶ ከትምህርት ቤት የኰበለለው ልጅ በዚህ ሸንጎ ቆሞ አይናገርምና። ደግሞስ ሰው ያደረጋቸው ግርፋቱ ይሁን ወይስ ከግርፋቱ ጋራ ያገኙት ፍቅርና ትምህርት፥ በምን ለዩት?

«ቢሆንም ፈጥኖ ይሠራል» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ ፈጥኖ ዝም ያሰኛል። ነገር ግን የተገረፈ ልጅ አጥብቆ የሚማረው ጥፋቱን መተው ሳይሆን መደበቅን ነው፤ መምህሩ ፊቱን ሲያዞር ወደ ልማዱ ይመለሳል፤ ሲጠየቅም ይዋሻል።

በ1980 እ.ኤ.አ. አለን ካዝዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ ለአስቸጋሪ ልጆች የሚሆን አራት ዓይነት መድኃኒት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አቅርቦ የትኛው ተገቢ እንደ ሆነ አስመዝኖ ነበር። ከሁሉ የተወደደው መልካሙን ሥራ እየተከታተሉ መሸለም ሆነ፤ ሁለተኛው ልጁን ለጥቂት ጊዜ ለብቻው ማቆየት፤ ሦስተኛው የሐኪም መድኃኒት፤ የመጨረሻውም በኤሌክትሪክ መንዘር። ነገር ግን የልጁ ጥፋት የከፋ መሆኑ ሲነገራቸው፥ መዛኞቹ መድኃኒቶቹን አብልጠው ተቀበሉ። እንግዲህ ችግሩ በከበደ መጠን የምንፈቅደው ይበዛል ማለት ነው። ወላጅና መምህር ያልተቀበሉት ምክር መጽሐፍ ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ፈቃዳቸው ያስፈልጋል፤ የፈቀዱት ሁሉ ግን በጎ ነው ማለት አይደለም።

መምህሩ «በክፍሌ ስድሳ ልጅ አለ፤ እያንዳንዱን ሳመሰግን ልዋል ወይ?» ይለኝ ይሆናል። እኔም እመልስለታለሁ፤ አንዱን ስትገርፍ የስድሳውም ትምህርት ይቆማል፤ «ደብተርህን በጊዜ በማውጣትህ ደግ አደረግህ» ለማለት ግን አንድ ትንፋሽ ይበቃል። ቅጣትም ካስፈለገ አስቀድሞ የተነገረ፥ አጭር፥ ለሀብታምም ለድኻም ልጅ አንድ ዓይነት ይሁን። ለምሳሌ የረበሸው ልጅ ከጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ይለይ፤ ሲመለስም ቂም አይያዝበት።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆን ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአስተዳደግ ሲባል የሚደረገውን ተገቢ ቅጣት ከወንጀል አይቈጥረውም። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚገርፍ መምህር ሕግ ያፈርሳል፤ በቤት ውስጥ ግን አብዛኛው ፍርድ ለኅሊና ተትቷል።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። ንፍጡን የሚጠርግ እጅ አለንጋ ሊይዝ አይችልም። ወጣቶች ሆይ፥ ተራችሁ ሲደርስና ልጁ ሲያስቈጣችሁ፥ «ይህ የሚጠቅመው እኔን ነው ወይስ እርሱን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን እስክታገኙም እጃችሁን ሰብስቡ።