የጎማ ነፋስና የአገራችን ወራት

ከውጭ አገር ከሚገቡት አውቶሞቢሎች ጋር የሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ፥ ብርድ ወራት ሲቃረብ የጎማ ነፋስ እንዲመረመር ይመክራል። ምክሩ የተጻፈው ታኅሣሥና ጥር የክረምት ወራት ለሆኑበት አገር ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ግን ታኅሣሥ በጋ ነው፤ የዓመቱ ብርቱ ቅዝቃዜ የሚወርደውም በዚሁ በጋ ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ «ክረምት» የሚለውን ቃል እንዳለ ተርጉሞ ለደንበኛው የሚሰጥ ነጋዴ፥ ባለመኪናውን በሰኔ ቀስቅሶ በታኅሣሥ ያስተኛዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎማ ውስጥ የታመቀ ነፋስ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፥ ሲሞቅም ይጨምራል። በትንሽ አውቶሞቢል ጎማ፥ የ10 ዲግሪ ልዩነት 0.1 ባር ያህል ያወጣል ወይም ያወርዳል። በክረምት የአዲስ አበባ ቀንና ሌሊት እምብዛም አይራራቁም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አያት ወይም ሲኤምሲ በደጅ ያደረው መኪና ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሲያነጋ፥ ቀትር ላይ ቦሌ የሚቆመው ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። እንግዲህ ባለመኪናው ከሰዓት በኋላ መገናኛ ወይም ገርጂ ካለው ጎሚስታ ዘንድ ጎራ ብሎ ቢያስለካ፥ ጎማው ከጉዞውና ከፀሐዩ የተነሣ ስለ ሞቀ መለኪያው ከፍ ብሎ ያሳያል። «በዝቷል» ተብሎ ይተነፈሳል። በማግስቱ ንጋት ያው ጎማ ከሚገባው በታች ወርዶ ይገኛል። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ጠዋት፥ መኪናው ገና ሳይነሣ ነው።

ነፋሱ ያነሰ ጎማ ሁለቱ ጠርዞቹ ያለ ጊዜው ይበላሉ፤ ጎኑ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሞቃል፤ በረጅም መንገድም ሊፈነዳ ይችላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አስቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው የአሜሪካ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ጎማ አስመጪ የሆነ ሁሉ ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

በክረምት መንገዱ ስለሚያንሸራትት ጎማውን ማለዘብ ይሻላል የሚሉ ሾፌሮች አሉ። በጭቃ ላይ እውነትነት አለው። ዝናብ ባጥለቀለቀው የቀለበት መንገድ ግን የለዘበ ጎማ ውኃውን ገፍቶ አስፋልቱን መያዝ ሲሳነው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፥ ፍሬኑም አይታዘዝም።

ጅቡቲ ወርደው ለሚመለሱ መኪናዎች ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በጎማው ላይ ከውጭ የሚጫነው አየር ከወደቡ ይልቅ ቀላል ነው። ወደ ጅቡቲ ሲወረድ ያ የአየር ክብደት በመለኪያው ላይ የሚታየውን ግፊት ሩብ ባር ያህል ይቀንሳል፥ የቆላው ሙቀት ደግሞ ይጨምራል። በትንሽ አውቶሞቢል ሁለቱ ይቻቻላሉ ለማለት ይቻላል። በከባድ መኪና ግን ሙቀቱ ያሸንፋል፤ በአዲስ አበባ ንጋት በ15 ዲግሪ 8 ባር የተሞላው ጎማ፥ በ40 ዲግሪ ወደቡ ላይ ቆሞ ቢለካ 8.5 ያህል ያሳያል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ስለ ሆነ ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ በቆላ የተነፈሰ ጎማ ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ ጎድሎ ይደርሳልና።

ከሁሉ ይልቅ አሁን ሊታሰብበት የሚገባው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ በቦሌ የመኪና መሸጫዎች የሚታየው አብዛኛው ይኸው ሆኗል። ባትሪው ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ጎማው በቁመት ከሚመስለው የቤንዚን መኪና የበለጠ ነፋስ ሊሻ ይችላል። ጎሚስታው ግን በለመደው ልክ ይሞላዋል። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ እንዳይረዳው፥ ብዙ ጊዜ በቻይንኛ የተጻፈ ሲሆን ቁጥሩም በኪሎፓስካል ነው። 250 ተብሎ ቢጻፍ 2.5 ባር ወይም 36 ፒኤስአይ ያህል ማለት መሆኑን የሚነግረው የለም። አስመጪው ይህን በአማርኛ አሳትሞ በሩ ላይ ቢለጥፍ ወጪው ምን ያህል ነው? መኪናውን ለመሸጥ ያሳተመው ባለ ቀለም ሥዕል ከዚያ ይበልጣል።

አንዳንድ ቤቶች ናይትሮጅን ይሞላሉ። በአውሮፕላን ጎማ ይህ ደንብ ነው፥ ምክንያትም አለው። ነገር ግን የምንተነፍሰው አየር ራሱ ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፥ ለከተማ መኪና ትርፉ ጥቂት ነው። ደንበኛው በዚያ ገንዘብ የእጅ መለኪያ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ባለ ሱቆችም መለኪያውን ከመደርደሪያው ጀርባ ሳይሆን ከፊት ቢያኖሩት ገበያ አያጡበትም።

በእኛ አስተያየት በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ግን በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ይመረጣል። ስኮርታ ጎማ ያለውም ሰው እርሱን አብሮ ያስለካ፤ ከታች ታስሮ የከረመ ስኮርታ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ የሚገኘው በሚፈለግበት ቀን ነው።